እስኪሞቅ ጠብቅ

ሳራቶቭ፣ የካቲት፤ ቮልጋ በረዶ ለብሶ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ዘንድሮም ደርቆ፣ ተኮላሽቶ፣ አርሶ፣
ቤዜን በጀርባዬ፣ ሣጥኑን በደረቴ፣
ወጣሁ እያለከለክሁ ከነጭንቀቴ።

ፕሪአምፑ አዲስ ነው፣ የሁለት ወር ደሞዝ፤
ቫልቮቹ ከአሮጌ ተራ፤ ድምፁ ጥርስ የሚያደነዝዝ፣
ከበሮው ሲመታ እንደ ትንኝ የሚያለቅስ፣
ሠርገኛ ሲጨፍር ከወለሉ የማይደርስ።

ካፒቶሊና ኢግናትዬቭና ትባላለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት በቫልቭ ፋብሪካ ሠርታለች፤
በማጉያ መነጽር፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣
ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከብርጭቆ ሆድ ስታስገባ።
አሁን ግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤
ቀኙም ካልጮኹለት እንግዳ አይቀበልም።
«የማትሰማ ሴት ድምፅ ልታቀና?» አልኩ በሆዴ፤
ለማንኛውም ገባሁ፤ አልቆብኛል ዘዴ።

ሰካሁት። ብርቱካን ነቁጥ ብልጭ አለ፤
ጣቴ ቸኩሎ ክሩን ሊመታ ከጀለ።
«ተው!» አለች። «እስኪሞቅ። እሱም እንደኔ ነው፤
ጧት ከአልጋው ሲነሳ የሚያነጋግረው
ሰው አይወድም።»
                    ተቀመጥን። የግድግዳው ሰዓት
ለእኔ ቆጠረ። ለእሷ የቆጠረላት ሙቀት።

ከዚያ ሁሉን ቁልፍ መለሰችው ዜሮ።
«ይሄ ያጎረስከው፣ ከወፍራሙ ጀምሮ፣
ውፍረት አይደለም፤ ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ
ማንም አይጨፍርም። ባዶ አድርገው። አሁን እይ።»

መዳፏን በስፒከሩ ጀርባ ላይ ለጠፈች፤
«ምታ» አለች። መታሁ። «ደግመህ» አለች።
መግቢያውን በጥፍሯ እንደ ጨው ቆንጥራ፣
ጨመር፣ ቆም፤ ጨመር፣ ቆም፤ ሾርባዋን እንደምትፈራ።
እኔ በጆሮዬ ያልያዝኩትን ድንበር
እሷ በመዳፏ ታገኘው ነበር፦
ንጹሑ አብቅቶ ማጉረምረም የሚጀምርበት፣
ቫልቩን ላብ ጠብ ሲለው፣ ሳይጮኽ፣ ሳይከፋበት።
«እዚህ። አትለፍ። ካለፍክ ይጮኻል፤
ካነስክ ደግሞ ጥሬ ነው፣ ያንቃል።

መሐሉን አትቁረጥ። ወጣቶች ትቆርጣላችሁ፣
ብቻችሁን ስትጫወቱ ስለሚያምርባችሁ።
ጊታሩ፣ አኮርዲዮኑ፣ ዘፋኙ ሲገባ
መሐል የሌለው ቤዝ የት አባቱ ይግባ?»
እጄን አየችና፦ «አትደብድበው ክሩን፤
ወደ አንገቱ ቀርበህ ዳስሰው ወፍራሙን።
በስንት ጊዜ ነው ክሮቹን የቀየርክ?»
«በየወሩ።» «በል እንግዲህ፣ ቅባቱን ሁሉ አጠብክ።»

አንዷ ቫልቭ ጮኸች፤ ቀጭን የወፍ ሲርታ።
በእርሳስ ቂጥ፣ ቀስ አድርጋ፣ ነካክታ
ለየቻት፤ በጨርቅ ነቅላ፣ ከመብራት አስጠግታ
ቁጥሯን አነበበች። ሳቀች። «የሰኞ ናት!
እሑድ የጠጣ እጅ ነው የጠመጠማት።
ማን እንደሆነም አውቃለሁ።» ስሙን ግን አልነገረችኝ።
ከቁም ሣጥኗ፣ በጥጥ ተጠቅልላ የኖረች ሌላ ሰጠችኝ።
ገንዘብ ሳወጣ ተቆጣች፤ የሠርጉን ቀን ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ በመርከበኞች አዳራሽ ሠርግ ተሰናዳ፤
«ቤዙ ግሩም» ያለኝ አልነበረም እንግዳ።
ብቻ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ከበሮ መቺው ማትቬይ
ዞሮ አየኝ፤ ምንም አላለም። ወለሉ ላይ
ስለ ዓሣው ሂሳብ ሲጨቃጨቅ የነበረው
የሙሽራው አጎት፣ ደረሰኙን እንደያዘ፣ እግሩ ከዳው።

ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከባዶ ሳህኖች መሐል፣
የካፒቶሊና መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ይታየኛል።
አይኗን ጨፍናለች። የተኛች ትመስላለች።
አንዴ ብቻ እጇን አነሳች፤
በሁለት ጣቷ፣ በአየር ላይ፣ የማይታይ ቁልፍ ይዛ
ወደ ግራ፣ የጥፍር ያህል።

ቀነስኩ።